የጀልባ ሆድ ብረቶች ቀለም፦ ልፋቀው ወይስ ልደርብበት? (ጥያቄውና መልሶቹ በአንድ ላይ)

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዛ። መሃል ላይ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። አዲስ የሚመጣ ሰው የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው ግራ ይገባው ጀመር። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አባባል አስቀምጬዋለሁ። የተደጋገመውን ዘልዬዋለሁ፣ የተሰዳደባችሁትንም እንዲሁ። ያልተዋጠልኝን ነገር ደግሞ አልተዋጠልኝም ብያለሁ።

መነሻው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከባልንጀራዬ ጋር ያገለገለች የሸራ ጀልባ ገዝተናል። ከአናፖሊስ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) ወረድ ብሎ ባለ ያርድ፣ ማለትም ጀልባ ከውኃ ወጥቶ በሚጠገንበት ግቢ፣ ላይ ቆማለች። 30 ጫማ ናት፣ አካሏ ፋይበርግላስ ነው። እሱ አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ ከውኃ በታች ያለው ብረታ ብረት ነው።

ከሞተሩ ወደ ታች የሚወርደው የሴይልድራይቭ እግር አሉሚኒየም ነው። ጫፉ ላይ ያለው ታጣፊ ፕሮፔለር ነሐስ ነው። ኪሉ፣ ማለትም ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ከሆዷ ሥር ያለው ከባድ ክንፍ፣ ካስት አይረን (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። የቀድሞው ባለቤት ሦስቱንም በአንድ ቀይ አንቲፋውሊንግ (የባሕር ፍጥረት እንዳይጣበቅ በሚከላከል ቀለም) ቀብቷቸዋል። አሁን እግሩ ላይ ያለው ቀለም ብጉር አውጥቷል። አንዱን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከሥሩ ነጭ ዱቄት ፈሰሰ። ፕሮፔለሩ ላይ ቀለም የሚባል አልቀረም፣ ባርናክል (ከውኃ ሥር ነገር ላይ ተጣብቆ የሚኖር ትንሽ ቅርፊታም የባሕር ፍጥረት) ብቻ ነው የተጣበቀበት። ኪሉን ደግሞ ዝገቱ ከውስጥ እየገፋው በየቦታው ቡናማ እንባ ይወርደዋል።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሁሉንም እስከ ብረቱ ልፋቀው ወይስ የላላውን ብቻ አንስቼ ልደርብበት? ሦስቱንስ በአንድ ዓይነት ቀለም መቀባት ይቻላል? ፕሮፔለር ጭራሽ ይቀባል ወይ?

1ኛ መልስ። እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ነጩ ዱቄት የአሉሚኒየም ዝገት መሆኑን ነገረኝ። እሱ ሳይነሳ ከላይ የሚደረብ ማንኛውም ቀለም ገንዘብ ወደ ባሕር መወርወር ነው። ብረቶቹን በማግኔት እንድፈትሽም መከረ፤ ኪሉ ላይ ይይዛል፣ ነሐሱና አሉሚኒየሙ ላይ አይይዝም። ፎቶ ጠየቀ፣ ለጠፍኩለት።

2ኛ መልስ። ባሕር ዳር ተምሮ አሁን በነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። የትልልቅ መርከብ ፕሮፔለር በአብዛኛው ቀለም አይነካውም አለ። ነሐሱ እንደ ተፈጥሮው ይተውና መርከቧ ወደብ ላይ ሳለች ጠላቂዎች ወርደው ይወለውሉታል። መልሶ የሚከፍለው በነዳጅ ቁጠባ ነው። ስለዚህ አንተም ወልውልና ተው፣ ቀለም ብሎ ነገር አያስፈልግም ነው ያለው። ትልቁን የሚያውቅ ትንሹ አያቅተውም የሚል ድምፀት ነበረው። ያም ሆኖ ያለው ነገር ስለ መርከብ ከሆነ እውነት ነው።

3ኛ መልስ። የኖርፎኳ (ቨርጂኒያ) እህት። ከባለቤቷ ጋር ጀልባ አላቸው፣ ሥራውን የምትሠራው ግን እሷ እንደሆነች ከአጻጻፏ ያስታውቃል። 2ኛውን በጨዋነት ነው ያረመችው። ነዳጅ ጫኝ መርከብ ቀንና ሌሊት ይሄዳል። የኛ ጀልባ ግን ሳምንቱን ሙሉ ታስራ ቆማ ቅዳሜ ትነቃነቃለች። ባርናክል የሚይዘው የቆመ ነገር ላይ ነው። በኛ ባሕረ ሰላጤ፣ በቼሳፒክ፣ ሐምሌ ወር ባዶ ነሐስ ሁለት ሳምንት ሳይነካ ከቆየ ሻካራ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጀልባዋ አትሄድም። መሐንዲሱ መልሷን ወደዱ ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ ይህን ማስተዋል ደግ ነው።

4ኛ፣ 5ኛ እና 6ኛ መልስ። ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። 4ኛው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ አለ። እሱ ለጀልባው አካል በገዛው የመዳብ ቀለም፣ በዚያው ሮለር፣ እግሩንም ፕሮፔለሩንም ቀብቶ ይገላገላል። ዓመታት አልፈዋል፣ አንድም ነገር አልተበላበትም። የሚያወሳስቡት ቀለም ሻጮች ናቸው ብሎ ደመደመ።

5ኛው ተቆጥቶ ነው የመጣው። አብዛኛው አንቲፋውሊንግ ውስጥ ያለው መርዝ ኩፕረስ ኦክሳይድ ነው፤ የመዳብ ውሕድ። መዳብና አሉሚኒየም ጨዋማ ውኃ ውስጥ ተነካክተው ሲቀመጡ ባትሪ ይሠራሉ። በዚህ ባትሪ የሚበላው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። ለአሉሚኒየም የሚሆነው ወይ መዳብ የሌለበት ቀለም ነው፣ ወይ ደግሞ ኩፕረስ ታዮሳይኔት የሚባለው ቀለል ያለ የመዳብ ውሕድ ያለበት። እሱም ቢሆን ከሥሩ በቂ ፕራይመር (መጀመሪያ የሚቀባ የመሠረት ቀለም) ተቀብቶ ነው። የኔ እግር ያወጣው ብጉር የዚሁ ውጤት መሆኑንም አሳየ። እስከዚህ ድረስ ቃል በቃል ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ግን 4ኛውን ጣሳ ላይ የተጻፈ ማንበብ የማይችል ሰው አስመሰለው።

6ኛ ላይ ራሱ 4ኛው ተመለሰ። እስከዚያ አንተ ሲባባሉ ነበር፣ አሁን እርስዎ ብሎ ጻፈለት። ያ እርስዎ ከስድብ ይብስ ነበር። ንድፈ ሐሳብዎን ለራስዎ፣ የኔ ጀልባ ግን እነሆ ቆማለች ዓይነት ነገር ነው።

7ኛ መልስ። ሁለቱ ሲነታረኩ የኖርፎኳ እህት ለጥያቄዬ መልስ ጻፈች። ረጅም ነው፣ ግን አላሳጥረውም። በእጇ የሠራችው ሰው እንደሆነች እያንዳንዱ መስመር ይናገራል።

አንቲፋውሊንግ በደረቁ በጭራሽ አይፈተግም። ብናኙ መርዝ ነው። ያርዱም ያባርርሃል። መጀመሪያ ከሥር ላስቲክ ይነጠፋል፣ የተፋቀው ሁሉ እሱ ላይ ይሰበሰባል። የሚፈተገው ውኃ እያርከፈከፉ ነው፤ ወይም ከቫኪዩም ጋር በተያያዘ ማሽን። ጭምብሉ ተራ የጨርቅ ማስክ ሳይሆን ማጣሪያ ያለው መሆን አለበት። የለበስከውን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር እንዳታጥበው ብላ በተለየ መስመር ጽፋለች።

አሉሚኒየሙ ላይ የብረት ሽቦ ብሩሽ አይነካም። የሽቦው ቅንጣት አሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና በኋላ እሱ ራሱ የዝገት መነሻ ይሆናል። እሷ የምትጀምረው በፕላስቲክ መፋቂያ ነው። ብጉሩን ከጠርዙ ገባ አድርጋ ታነሳዋለች። ቀለሙ በልጣጭ መልክ ከተነሳ ከሥሩ ምንም አልያዘም ማለት ነው፣ መፋቁን ትቀጥላለች። መፋቂያው መንሸራተት ሲጀምርና ቀለሙ እንቢ ሲል እዚያ ትቆማለች። አጥብቆ የያዘ አሮጌ ፕራይመር ጠላት አይደለም። ነጭ ዱቄት ያለበት ጉድጓድ ግን የሚያብለጨልጭ ብረት እስኪታይ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠጥር ሙጫ) ይሞላል።

ከዚያ በንጹህ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በአሴቶን መጥረግ። ጨርቁ ሁለት ነው፤ አንዱ ያርሳል፣ ሁለተኛው ሳይደርቅ ያነሳል። አንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ብቻ ነው። የተገለጠ አሉሚኒየም አየር ባገኘው ቅጽበት ኦክሳይድ ማልበስ ስለሚጀምር ኢፖክሲ ፕራይመሩ በዚያው ሰዓት ይቀባል። ምሳ በልቼ እመለሳለሁ ማለት የለም። ፕራይመሩ አንድ እጅ አይበቃውም። መዳቡንና አሉሚኒየሙን የሚለየው ግድግዳ እሱ ነውና ጣሳው የሚለውን ያህል ይደረባል። የጀልባዋ አካል የመዳብ ቀለም ደግሞ እግሩ ድረስ አይመጣም። ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል።

አኖዱ (ሌላው ብረት እንዳይበላ በምትኩ እንዲበላ የሚታሰር ቁራጭ ብረት) ላይ ቴፕ ይለጠፋል። አኖድ አይቀባም። ይህችን ሦስት ጊዜ ጽፋታለች።

8ኛ መልስ። አንድ ሰው 4ኛውን ጀልባህን የት ነው የምታስረው ብሎ ጠየቀው። ቶሮንቶ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ። በቃ፣ ጠቡ ሁሉ ተፈታ። ሐይቁ ጨው የለውም። ጨው አልባ ውኃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ያ ባትሪ አለ ለመባል ያህል ነው የሚሠራው። ባርናክልም እዚያ አይኖርም። የነሱ ራስ ምታት ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ሐይቆቹን የወረረው ዜብራ መስል የሚባለው ትንሽ ቅርፊታም ፍጥረት ነው። ሁለቱም ስለየራሳቸው ውኃ ትክክል ነበሩ። ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ውኃችሁን ንገሩን ብዬ ለምኛለሁ፣ አሁንም እለምናለሁ። 5ኛው ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን እርስዎው ቀረ።

9ኛ መልስ። ይህን የጻፉት የቀድሞው ባሕር ኃይል አባል ናቸው፤ ዛሬ በሜሪላንድ የሚኖሩ አባት። ወጣት ሳሉ ምጽዋ ነበሩ። በ1962 ከአሜሪካ የመጣችውን «ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ ያውቋታል። የዚያን ጊዜ ዝገት የሚነሳው በመዶሻ ነበር፤ ጫፉ የተሳለ ትንሽ መዶሻ። ሰው ተደርድሮ ቀኑን ሙሉ ይቀጠቅጣል፣ ማታ ጆሮው ውስጥ መዶሻው አያቆምም። ከዚያ ቀዩ የእርሳስ ፕራይመር ይቀባል። የምጽዋ ፀሐይ ብረቱን ስለምታነደው ቀለም የሚቀባው ጎህ ሲቀድ ነበር። ሰዓቱ ካለፈ ቀለሙ ከብሩሹ ሳይወርድ ይጓጉላል። ለኔ የሰጡኝ ምክርም ከዚህ የወጣ ነው፤ የጋለ ብረት አትቀባ፣ የቀዘቀዘና ጤዛ የያዘም አትቀባ።

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ከዚህ ክር በጣም ደስ ያለኝ ጽሑፍ የእርስዎ ነው።

ከ10ኛ እስከ 13ኛ። 10ኛው የእርሳስ ፕራይመር ዛሬ ማንም እንዳይነካው አሳሰበ። እርሳስ መርዝ ነው፣ አሮጌ የብረት ጀልባ የገዛ ሰው ከሥር ሊያገኘው ስለሚችል ሳያስመረምር መፈተግ የለበትም። ጥሩ ነጥብ ነው። 11ኛው ምጽዋ የሚለውን ስም አይቶ የባሕር በር ጉዳይ አነሳ። 12ኛው መለሰለት። 13ኛው ለሁለቱም መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን አወያዩ አጥፍቶታል፣ እኔም አላነሳውም። ጋሼ ያወሩት ስለ መዶሻ ነበር።

14ኛ መልስ። ይህ ሰው ታሪክ አዋቂ ነው። መጀመሪያ ከርዕስ የወጣ መስሎኝ ልዘለው ነበር፣ ኋላ ግን የጥያቄዬ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ሆኖ ተገኘ።

በ1761 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አላርም የተባለች የጦር መርከቡን ሆድ በመዳብ ቆርቆሮ ሸፈነ። እንጨት የሚቦረቡረውን ትልና ባርናክሉን ለመከላከል ነው። ወደ ዌስት ኢንዲስ ሄዳ መጥታ በ1763 ስትፈተሽ መዳቡ ሥራውን ሠርቷል። መዳቡን የነኩት የብረት ምስማሮች ግን ተበልተው አልቀዋል። ደህና ሆነው የተገኙም ነበሩ። ለምን ሲባል፣ ቆርቆሮው ተጠቅልሎበት የመጣው ቡናማ ወረቀት በስህተት ሳይነሳ በመዳቡና በብረቱ መሃል ቀርቶ ነበር። ወረቀቱ ነው ያዳናቸው። የኖርፎኳ እህት ያን ሁሉ ፕራይመር የምታስደርበው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የ1824 ነው። ሰር ሃምፍሪ ዴቪ መዳቡ ራሱ በባሕር ውኃ መበላቱን ለማስቆም ትንንሽ የዚንክና የብረት ቁራጮች አያያዘበት። ዘዴው ሠራ፣ መዳቡ መበላቱን አቆመ። መርከቦቹ ግን ሆዳቸው አረምና ባርናክል ለብሶ ተመለሱ። ባርናክልን የሚያባርረው እየሟሟ ወደ ውኃው የሚወጣው መዳብ ነበርና። መሟሟቱ ሲቆም መከላከሉም ቆመ። ባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው።

አሁን ወደ ኔ ፕሮፔለር እንምጣ። ነሐስ በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ ባርናክል ሊፈራው ይገባ ነበር። ነገር ግን ከአኖድ ጋር በኤሌክትሪክ ተያይዟል። አኖዱ እሱ እየተበላ ነሐሱን ያድነዋል፣ የዳነ ነሐስ አይሟሟም፣ የማይሟሟ ነሐስ ባርናክል ይይዛል። አኖዱን አውልቄ ልጣለው የሚል ካለ ደግሞ መልሱን እዚያው ጽፎለታል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ብዙ ፕሮፔለር የሚሠራበት ዚንክ የበዛበት ነሐስም ከጊዜ በኋላ ዚንኩ እየወጣ ይባክናል። ተፍቆ ሲታይ ወርቃማ ሳይሆን ሮዝ ከሆነ ያ በሽታ ይዞታል። በመዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ የሚጮኸው ደህናው ነው፣ የታመመው ድምፁ ድፍን ነው።

የኔን ፈተንኩት፤ ወርቃማ ነው፣ ይጮሃል።

15ኛ እና 16ኛ መልስ። ፕሮፔለር ላይ ምን እንቀባ የሚለው ሲነሳ ሰው ሁሉ የየራሱን መድኃኒት ይዞ መጣ። አንዱ የበግ ሱፍ ቅባት፣ ላኖሊን፣ ይምላል። ሌላዋ የሕፃን ዳይፐር ቅባት ትቀባለች። ውስጡ ዚንክ ኦክሳይድ አለበት፣ እሷ ለአንድ ክረምት ያህል ሠርቶልኛል ትላለች። 16ኛው ሰው ቀለም ውስጥ ሚጥሚጣ ጨምሮ እንደሚያውቅ ጻፈ። የፈረንጅ ጀልባ ሰዎችም በርበሬ ይጨምራሉ ብሎ ተከራከረ። ይጨምራሉ፣ እውነቱን ነው። ይሠራል ወይ ሌላ ጥያቄ ነው። ከሥሩ አሥራ ምናምን ሰው ሚጥሚጣውን ለክትፎ እንዲያስቀምጠው መክሮታል። በዚህ እኔም ከብዙኃኑ ጋር ነኝ።

17ኛ እና 18ኛ መልስ። 17ኛው ፕሮፕስፒድ የሚባለውን የኒውዚላንድ ምርት አነሳ። መርዝ የለውም፣ የሲሊኮን ሽፋን ነው። ባርናክሉ ይይዛል፣ ግን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ስለማይችል ጀልባዋ ፈጠን ብላ ስትሄድ ይራገፋል። ፕሮፔለሩ እስከ ባዶ ብረቱ ይፈተጋል፣ በ80 ቁጥር፣ ለስላሳ ሳይሆን ጭረት ያለው ሆኖ። የባርናክሉ ነጭ እግር ካልተነሳ በቀጭን አሲድ ይሟሟል፤ ይህ ነሐሱ ላይ ብቻ ነው፣ አሉሚኒየሙ አጠገብ አሲድ አይድረስ። ከዚያ ፕራይመሩ፣ በላዩ ሲሊኮኑ። ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ስለሆነ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። አንዱ ይቀባል፣ ሌላው ከኋላው ይከተላል። ዋጋው ደግሞ ያስነጥሳል።

18ኛው ምሬቱን ይዞ መጣ። ቀብቶ በወሩ በልጣጭ ወርዶበታል፣ ገንዘቤን ተዘረፍኩ አለ። በምን አጸዳኸው ተባለ። በአኳራጅ። እዚህ ላይ መልሱ ሸርተት ያለ ስላቅ ነበረው። አኳራጅ ቅባት ትቶ ይሄዳል። የግድግዳ ብሩሽ ለማጠብ ጥሩ ነው። ሲሊኮን ከሥሩ ቅባት ካገኘ ዛሬውኑ ይወርዳል። 17ኛው ግን ሳይዘልፈው አሴቶን፣ ንጹህ ጨርቅ፣ አዲስ ጓንት ብሎ አለፈ። ሲሊኮኑ ላይ መፋቂያ እንደማይነካም ያስታወሰው እሱ ነው። አንዴ ከተጫረ ከዚያ ቦታ ጀምሮ ይላጣል።

19ኛ እና 20ኛ መልስ። 19ኛው የድሮው ቀለም ናፍቆታል። ቲን የተባለው ብረት ውሕድ ያለበት፣ ቲቢቲ የሚባለው። አሉሚኒየም አይበላም፣ ባርናክል አያስደርስም፣ ዓመታት ይቆያል፤ የት ይገኛል አለ።

20ኛው የጻፈለት መልስ በዚህ ክር ውስጥ በጣም ስለታሙ ነው። አይገኝም፣ ባይገኝም ይሻላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ አርካሾን ባሕረ ሰላጤ ኦይስተር (የሚበላው ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት) መራባት አቆመ፣ ዛጎሉም ተበላሸ። ጥፋተኛው ከጀልባ ሆድ የሚወጣው ቲቢቲ ሆኖ ተገኘ። ፈረንሳይ በ1982 ከ25 ሜትር በታች ለሆኑ ጀልባዎች ከለከለችው። የባሕር ቀንድ አውጣ ሴቶቹ የወንድ አካል እስከማብቀል የደረሱበት መርዝ ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2001 እገዳውን በስምምነት አጸደቀ፣ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ሳይቡትሪን የሚባለው ሌላ ማጠናከሪያ መርዝም ከጥር 2023 ጀምሮ በዚያው ስምምነት ታግዷል። ቼሳፒክ የሚኖር ሰው ይህን ቀለም መናፈቅ አልነበረበትም አለ። 19ኛው ጥያቄ ነው የጠየቅኩት፣ አልቀባሁ ብሎ ቅር ተሰኘ። እውነቱን ለመናገር መቆጣቱ አይፈረድበትም። 20ኛው ግን ካለው ውስጥ የሚነቀስ የለም።

21ኛ እና 22ኛ መልስ። አኖድ። 21ኛው ሰው የትኛው ብረት ለየትኛው ውኃ እንደሆነ ቁጭ አድርጎ አስረዳ። ለጨዋማ ውኃ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ይሆናል። ጨው ለሌለው ማግኒዚየም። ቼሳፒክ መሃል ቤት ነው። በሰሜን ሳስኩሃና ወንዝ የሚገባበት ጨው የለውም ማለት ይቻላል፣ ወደ ኖርፎክ ሲወርድ ውቅያኖስ ይሆናል። ስለዚህ ለአናፖሊስ አካባቢ የአሉሚኒየም አኖድ ይሻላል። ዚንክ ጨው በሚቀንስበት ውኃ ቅርፊት ይለብስና ያለ ሥራ ይቀመጣል። ሰው አልተበላም ብሎ ይደሰታል፣ የሚበላው ግን እግሩ ነው። ማግኒዚየምን ጨዋማ ውኃ ውስጥ መክተትም ሌላ ጥፋት ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ከልክ በላይ ስለሚሠራም የአሉሚኒየሙን ቀለም ያስነሳዋል። በግማሽ የተበላ አኖድ ይቀየራል።

22ኛው አንድ ነገር ጨመረ። ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሰኩ ጀልባዎች በምድር ሽቦው በኩል ሁሉም ተያይዘዋል። የጎረቤትህ አኖድ ካለቀ ያንተ ለሱም ይሠራል። ይህን የሚያስቆመው ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። እኔ ከነበሩኝ ሦስት ጥያቄዎች ውስጥ ይህ አልነበረም፣ የገዛሁት የመጀመሪያው ዕቃ ግን እሱ ነው።

23ኛ መልስ። ከባሕር ዳር የጻፈ ልጅ ነው። ጣና ላይ ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ላይ ይሠራል። ይህ ቀለም ለኛስ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰው ተሽቀዳድሞ አያስፈልግም አለው። ጣና ጨው የለውም፣ ባርናክል የለም። የሚይዘው አልጌ በብሩሽ ይነሳል። የሚጠጣ ውኃ ውስጥ መዳብ መጨመር ደግሞ ማንንም አይጠቅምም። የአሉሚኒየም እግር ያለው የውጭ ሞተር ከሆነ የማግኒዚየም አኖዱን ይይ። ልጁ አመስግኖ የኛ ችግር እምቦጩ ነው፣ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ለሱ ቀለም ካላችሁ ላኩልን አለ። መሐንዲሱ፣ 2ኛው፣ የቱ ወደብ ነህ ብሎ ገባና ሁለቱ የጋራ ሰው አገኙ። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰላምታ ልውውጥ ነው።

24ኛ መልስ። የቶሮንቶው ሰው፣ 4ኛው፣ ኪል ላይ ተመልሶ መጣ። በዚህ ግን ተክኗል። ካስት አይረን ዝገቱን በጉድጓዶቹ ውስጥ ስለሚደብቅ በእጅ መፈተግ አይበቃውም። በግራይንደር ግራጫው ብረት እስኪታይ ይወርዳል። ያርዱ ከፈቀደ በአሸዋ ማስመታት የተሻለ ነው። ከዚያ ጨው እንዳይቀር በንጹህ ውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል። እርጥበት ባለበት ቀን የተገለጠ ብረት ዓይንህ እያየ ቡኒ ይሆናል። ስለዚህ ሙሉውን ገልጦ ከመቆም በየጎኑ ከፋፍሎ ገልጦ ወዲያው ፕራይመር ማድረግ ይሻላል። የብረቱ ሙቀት አየሩ ጤዛ ከሚጥልበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት፤ አለዚያ የማይታይ ጤዛ ላይ ነው የምትቀባው። ኢፖክሲው አራት አምስት እጅ ይደረባል። የመዳብ አንቲፋውሊንጉ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ብረቱንም አይነካም።

ጋሼ ከሥሩ ይኼ ልጅ ያውቃል ብለው ጻፉለት። 5ኛውም ወደደው። እርቅ ከሆነ እርቅ ነው።

25ኛ መልስ እና እስካሁን የደረስንበት። እግሩ ተፍቆ አልቋል፣ ፕራይመሩም ተደርቧል። በላዩ የሚቀባው የታዮሳይኔት ቀለም ጣሳው ተገዝቶ ተቀምጧል። ፕሮፔለሩ ወልቆ ቤት ገብቷል፣ ሲሊኮኑን ባልንጀራዬና እኔ በሁለት ብሩሽ እንቀባዋለን። ኪሉን አየሩ ሞቅ እስኪል አልነካውም።

25ኛው ሰው ግን ማንም ያልነካውን ነገር ጠየቀ። እግሩ ከጀልባዋ ሆድ ጋር የሚገናኝበት ትልቅ የጎማ መዝጊያ መቼ ተቀየረ? የሞተር ሠሪው የቮልቮ ፔንታ መመሪያ በየ7 ዓመቱ ይቀየር ይላል፣ እሱ ከተቀደደ ጀልባዋ ትሰጥማለች። የቀድሞው ባለቤት ምንም ወረቀት አልሰጠንም። ለዚህ ሌላ ክር ከፍቻለሁ፣ ጎማውን ራሱ የቀየረ ሰው ካለ እዚያ ይጻፍልኝ። የባሕር በር ጉዳይ ያላችሁ ግን እባካችሁ በዚያ አትምጡ።